ንጹሁን ቅዱ፦ ጊታርና ቤዝ ያለ አምፕሊፋየር በቤት ውስጥ ለመቅዳት

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከበታቼ አራስ አለች፤ ከጎኔ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ጎረቤት አለ፤ ከመስኮቴ ማዶ የቀላል ባቡሩ ሁለቱም መስመሮች ያልፋሉ። ባለ ቲዩብ አምፕሊፋየር ውብ ድምፁን የሚሰጠው ከፍ ተደርጎ ሲከፈት ነው፤ እንዲህ ባለ ሕንፃ ውስጥ ያን ያህል መክፈት ደግሞ ነውር ነው። ማይክሮፎን ደቅኜ ልቅዳ ብልም ባቡሩ፣ ደረጃ ላይ የሚሯሯጡት ልጆች፣ የማለዳው የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ፣ በክረምትም ዝናቡ አብረው ይቀዳሉ። ቢሆንም በዚህች ክፍል ውስጥ ለብዙ ዘፈኖች ጊታርና ቤዝ ቀድቻለሁ፤ በድምፅ የተነሳ በሬን ያንኳኳ ጎረቤት የለም። ይህን ያስቻለኝ ዲጂታል የአምፕሊፋየር ሞዴለር ነው።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልናገር፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ነውና። ኮምፒውተራችሁ ውስጥ የምታስቀምጡት ፋይል ከጊታሩ የወጣው ንጹሕ ድምፅ ይሁን። ድምፁን የሚያሻክረው ዲስቶርሽንም፣ ዘግይቶ የሚደግመው ዲሌይም፣ እንደ ሰፊ አዳራሽ የሚያስተጋባው ሪቨርብም በላዩ ላይ የሚለበስና የሚወልቅ ልብስ ይሁኑ። ይህን የተማርኩት ተጎድቼ ነው። በአንድ ወቅት የአንድን ዘፈን ሙሉ ጊታር ከነሪቨርቡ ቀድቼ ላክሁ። አቀናባሪው ወዶት ነበር፤ ነገር ግን ክራሩ ከገባ በኋላ ጊታሩ ራቀበትና «ሪቨርቡን አንሳልኝ» አለኝ። አብሮ ከተቀዳ ወዲያ ማንሳት አይቻልም። ዳግመኛ ተቀምጬ ተጫወትኩት፤ ያ የመጀመሪያው ሌሊት አጨዋወት ግን ተመልሶ አልመጣልኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ንጹሁን ሳላስቀምጥ የቀዳሁት ነገር የለም።

ሞዴለር ምን ይሠራል?

የአምፕሊፋየሩን፣ የስፒከር ሳጥኑንና ከፊቱ የሚቆመውን ማይክሮፎን ሥራ በስሌት ይሠራል። ላይን 6 የተባለው ኩባንያ ኩላሊት የሚመስለውን ፖድ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲያወጣ ብዙ ጊታር ተጫዋቾች ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ መቅዳትን ለመዱ። ከዚያ በ2006 የፍራክታል ኦዲዮው አክስ-ኤፍኤክስ፣ በ2011 የኬምፐር ፕሮፋይለር፣ በ2015 ሂሊክስ ተከተሉ። ዛሬ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የአምፕሊፋየሩን የውስጥ ሰርኪውት በስሌት የሚገነባ ሲሆን ቁልፎቹን እንደ እውነተኛው ማዞር ትችላላችሁ። ሁለተኛው ወደ አምፕሊፋየሩ የገባውንና ከእሱ የወጣውን ድምፅ አነጻጽሮ የሚማር ነው። ይህኛው እንደ ፎቶግራፍ ነው፤ ቁልፎቹ በአንድ ሁኔታ ላይ እያሉ የተነሳ ምስል። ስለዚህ የዲስቶርሽኑን መጠን በኋላ ከማስተካከል ይልቅ ለዘፈኑ የሚስማማውን ምስል መምረጥ ይሻላል።

ለጀማሪ የምመክረው ከሁለተኛው ወገን የሆነውን፣ ስቲቨን አትኪንሰን የሠራውን ኒውራል አምፕ ሞዴለር ነው። ነጻ ነው። በዶላር የሚከፍል ካርድ ለሌለን ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰዎች ከየአገሩ ያዘጋጇቸው የአምፕሊፋየር ምስሎችም በነጻ ይገኛሉ፤ የአብዛኞቹ መጠን አንድ ሜጋባይት አይሞላም፤ በስልክ ዳታም ይወርዳሉ። በእግር የሚረገጥ ሞዴለር ያለው ሰው ደግሞ ይጠቀምበት፤ ብዙዎቹ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝተው ንጹሁንና የተቀነባበረውን ድምፅ በአንድ ጊዜ በሁለት ትራክ ይልካሉ። የመመሪያ መጽሐፉን ከፍታችሁ ንጹሁ በየትኛው ቁጥር እንደሚመጣ ፈልጉ።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ላፕቶፕ፣ የጊታር መግቢያ ያለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ (የጊታሩን ድምፅ ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገባው ዕቃ)፣ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን የጆሮ ማዳመጫ፣ ሦስት ሜትር የማይሞላ ደህና ኬብል። ኢንተርፌሱ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ሳጥን ነው፤ ያገለገለ ቢሆንም ችግር የለውም። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ጊታር ሰክታችሁ ሞክሩት፤ አምራቹ ላላችሁበት ዊንዶውስ ድራይቨር (ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ያወጣለት መሆኑንም አረጋግጡ። ለመቅጃ ሶፍትዌር ማክ ያላችሁ ጋራዥባንድ ይበቃችኋል፤ ሌሎቻችሁ ሪፐርን ሞክሩ፤ ለ60 ቀናት ሙሉ ለሙሉ የሚሠራ መሞከሪያ አለው።

መሣሪያውን አዘጋጁ

ሞዴለር የተበላሸ ጊታርን አያክምም። አዲስ አበባ በበጋ አየሯ ይደርቃል፤ እንጨቱም ይኮማተራል፤ የጊታሩ አንገት ይንቀሳቀሳል። ክፍት ክሩን ከቃኛችሁ በኋላ 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ በመቃኛው እዩ። አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ በትክክል ካልወጣ ድልድዩ ላይ ያለውን የክሩን መቀመጫ አስተካክሉ፦ ድምፁ ከፍ ካለ ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት። በተለይ ለትዝታና ለአምባሰል ከላይኛው ፍሬቶች ላይ ክር እየሳባችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ይህን አትዝለሉት፤ የተዛነፈ ክር ከማሲንቆ ጋር ሲገናኝ ወዲያው ይጋለጣል።

የጊታር ክር አዲስ ቢሆን ይመረጣል። የቤዝ ክር ግን ውድ ነው። ያረጀ የቤዝ ክር ብሩህ ድምፁ ሲጠፋ በንጹሕ ውሃ አሥር ደቂቃ ያህል ቀቅላችሁ በደንብ አድርቁት፤ በክሩ መጠምጠሚያ ውስጥ የተጠራቀመው ላብና ቆሻሻ ይለቃል። ስታወልቁት አትቁረጡት። ብርሃኑ የሚቆየው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከመቅዳታችሁ አንድ ቀን በፊት ቀቅሉት እንጂ ሳምንት አስቀድማችሁ አይደለም። በሌላ በኩል የዘፈኑ ቤዝ እንደ ድሮው ሸክላ ድፍን ያለና ክብ እንዲሆን ከፈለጋችሁ አሮጌውን ክር አትንኩት።

መብራትና እምምታ

በእኛ ቤቶች ትልቁ ጠላት ይህ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ በጊታሩ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል በሚለውጠው ክፍል) በኩል የሚሰማው የማያቋርጥ እምምታም ከዚያው 50 ኸርዝና ከእጥፎቹ ይመጣል። ዲስቶርሽን ሲጨመርበት እምምታው አብሮ ይጎላል። በዚህ ቅደም ተከተል ፈልጉት።

በመጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና አዳምጡ። እምምታው ከጠፋ ጥፋቱ የቻርጀሩ ነው፤ ባትሪውን ሞልታችሁ ነቅላችሁ ቅዱ። ቀጥሎ ከላፕቶፑ፣ ከስልካችሁና ከዋይፋይ ሳጥኑ ቢያንስ አንድ ሜትር ራቁና ወንበራችሁ ላይ እንዳላችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። ባለ ነጠላ ጥቅል ፒክአፕ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር ድምፁ በጣም ይቀንሳል፤ እዚያ ላይ ቁሙ። የእኔ ክፍል ጸጥ የምትለው ፊቴን ወደ ቁም ሣጥኑ ሳዞር ነው፤ ወለሉ ላይ ምልክት አድርጌበታለሁ። ክሩን ስትነኩ እምምታው መቀነሱ የተለመደ ነው። ስትነኩ የሚብስ ከሆነ ግን የጊታሩ የውስጥ ሽቦ ተገልብጦ ተበይዶ ሊሆን ስለሚችል አስከፍታችሁ አሳዩት።

አንድ ነገር በብርቱ እለምናችኋለሁ፦ እምምታ ለማጥፋት ብላችሁ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ኧርዝ የሚሉትን የመሬት ሽቦ አትቁረጡ፤ ያንን ጫፍ የሚያስቀር ማከፋፈያም አትጠቀሙ። የጊታሩ ክሮች በኬብሉ በኩል ከዕቃው አካል ጋር የተያያዙ ናቸው። በአንዱ ዕቃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ቢያፈተልክ መውጫ የሚያገኘው በእጃችሁ በኩል ነው። የሶኬታችሁ ኧርዝ መሥራቱን በባለሙያ አስመርምሩ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ አትደንግጡ። ኢንተርፌሱ ኃይሉን ከላፕቶፑ በዩኤስቢ የሚያገኝ ከሆነ ሥራው አይቋረጥም፤ ቤቱም ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይልቅ ንጹሕ ይሆናል። ከምወዳቸው ቅጂዎች አንዳንዶቹ ሰፈሩ ሁሉ በጨለመበት ምሽት የተቀዱ ናቸው። ቻርጀሩን ግን ያኔውኑ ንቀሉት፤ መብራቱ ሲመለስ ቮልቱ ሊዘል ይችላል። ሶፍትዌሩም በየአምስት ደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ አድርጉ።

መሰካትና መጠን

ኬብሉን የምትሰኩት ኢንስትሩመንት በሚለው ወይም የጊታር ምስል ባለበት መግቢያ ነው፤ በቁልፍ የሚመረጥ ከሆነ ቁልፉን ተጫኑ። ይህ መግቢያ አንድ ሜጋ ኦም ገደማ የሚደርስ ተቃውሞ አለው፤ ደካማው የፒክአፕ ሲግናል ሳይታፈን ያልፋል። በተራው የላይን መግቢያ ከሰካችሁ ከፍተኛው ድምፅ ይሞትና ጊታሩ ብርድ ልብስ የተጣለበት ይመስላል። ብዙ ሰው «ሞዴለር ሕይወት የለውም» የሚለው በዚህ ስህተት ምክንያት መሆኑን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ሶፍትዌሩ የሚፈቅድ ከሆነ 48 ኪሎ ኸርዝና 24 ቢት ላይ አድርጉት። በዚህ መጠን አንድ ደቂቃ የሞኖ ቅጂ ወደ 8.6 ሜጋባይት ይይዛል፤ የአምስት ደቂቃ ዘፈን አንድ ትራክ 43 ሜጋባይት ቢሆን ነው። አሁን በዘፈኑ ውስጥ ኃይለኛ የሆነውን ክፍል ከልባችሁ ተጫወቱና መጠኑ ከዜሮ በታች ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል ባለው መካከል ጫፉን እንዲነካ ቁልፉን አስተካክሉ። ቀይ መብራት አንዴም አይብራ። 24 ቢት ሰፊ ቦታ ስላለው ድምፁን ለማጉላት መጨነቅ አያስፈልግም፤ ንጹሁ ቅጂ ከተሰነጠቀ ግን መጠገኛ የለውም። ቁልፉ ያለበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ የአምፕሊፋየሩ ምስል የሚሰጠው ዲስቶርሽን በሚገባው መጠን ይወሰናልና ነገ ስትመለሱ ያው ድምፅ እንዲጠብቃችሁ ነው።

መዘግየት

ክሩን መትታችሁ ድምፁ በጆሮ ማዳመጫው እስኪደርስ ትንሽ ጊዜ ያልፋል። በ48 ኪሎ ኸርዝ 128 ሳምፕል በፈር (ኮምፒውተሩ ድምፁን ለአፍታ የሚያጠራቅምበት ቦታ) ማለት 2.7 ሚሊሰከንድ ነው፤ መግቢያና መውጫው ተደምሮ ብዙ ጊዜ አሥር ሚሊሰከንድ አካባቢ ይሆናል። ድምፅ በአየር ላይ በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ይህ መድረክ ላይ ከአምፕሊፋየራችሁ ሦስት ሜትር ተኩል ርቃችሁ እንደመቆም ነው። ሊለመድ ይችላል። ላፕቶፑ ሲያንቃርር በፈሩን ወደ 256 ከፍ አድርጉት። ዊንዶውስ ላይ የኢንተርፌሱ አምራች የሰጠውን አሲዮ ድራይቨር ካልጫናችሁ ግን ምንም ብታደርጉ መዘግየቱ አይጠፋም።

ጊታሩን መቅዳት

በሪፐር አዲስ ትራክ ክፈቱ፤ በትራኩ ላይ ያለውን ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ ተጫኑ፤ መግቢያውን ምረጡ፤ ማዳመጫውን ክፈቱ፤ ሞዴለሩን በትራኩ የኢፌክት ዝርዝር ውስጥ ጫኑ። እንዲህ ሲሆን የምትሰሙት በአምፕሊፋየር ያለፈውን ነው፤ ፋይሉ ላይ የሚጻፈው ግን ንጹሁ ብቻ ነው። በመግቢያው ላይ ኢፌክት አታስገቡ፤ እዚያ የገባ ነገር አብሮ ይቀዳል።

የአምፕሊፋየር ሞዴል ብቻውን እንደ ንብ መንጋ ይጮኻል። የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ በእጅጉ ስለሚቆርጥ ከአምፕሊፋየሩ ቀጥሎ የስፒከር ሳጥኑን ባሕርይ የያዘ ኢምፐልስ ሪስፖንስ የሚባል አጭር የዌቭ ፋይል መግባት አለበት። የአምፕሊፋየሩ ምስል ከነሳጥኑ የተነሳ ከሆነ ግን ሌላ አትጨምሩ፤ ሁለት ሳጥን ሲደራረብ ድምፁ ይታፈናል። እኔ ከአምፕሊፋየሩ ምርጫ ይልቅ በሳጥኑ ምርጫ ላይ ረጅም ጊዜ አጠፋለሁ። አንድ ሐረግ ቀድቼ እያዞርኩ አሥር ሳጥን እቀያይርበታለሁ፤ ለውጡ የጊታር ለውጥ ያህል ይሰማል።

ዲስቶርሽኑን ደስ ካላችሁበት ቦታ ቀንሱት። ለዜማዎቻችን ይህ ከሌላው ሙዚቃ የበለጠ ያስፈልጋል። በአንቺሆዬ ውስጥ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ኖታዎች አሉ፤ አንደኛው ሳይጠፋ ሌላኛው ሲመታ በብዙ ዲስቶርሽን ውስጥ ይጋጩና ዜማው ይቆሽሻል። በትዝታ ላይ የምናደርጋቸው ጥቃቅን ማጌጫዎችም በጭስ ውስጥ ይሰወራሉ። አጨዋወታችሁ ጠንከር ሲል ብቻ ጫፉ ላይ የሚሻክር አምፕሊፋየር ምረጡ።

ለጭክጭካ ፕሮጀክቱን 6/8 ላይ አድርጉት። አንዳንድ ሶፍትዌር ፍጥነትን የሚቆጥረው በሩብ ኖታ ነው፤ ያኔ እግራችሁ በደቂቃ 120 ጊዜ የሚመታው ጭክጭካ 180 ተብሎ ይጻፋል። በዚህ ፍጥነት አንድ ስምንተኛ ኖታ 167 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ዲሌዩን 333 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም ሁለት ስምንተኛ ላይ ብታስቀምጡት መላሹ ሦስት ሦስት እየሆነ በሚሄደው ምት መካከል ሁለት ሁለት እየሆነ ይወድቃል፤ እጅ እያጨበጨበ የሚከተል ሰው ያለ ይመስላል። ጭክጭካ ራሱ በእነዚህ ሁለት አቆጣጠሮች መካከል የሚወዛወዝ ስለሆነ ይህ ከውጭ የመጣ ማስዋቢያ አይመስልም።

ጊታሩ ሰፊ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ሁለት ጊዜ ተጫወቱና አንዱን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ አድርጉ። አንዱን ቅጂ ገልብጦ በሁለቱም በኩል ማስቀመጥ ድምፁን ያጎላዋል እንጂ አያሰፋውም፤ ስፋቱ የሚመጣው በሁለቱ አጨዋወቶች ጥቃቅን ልዩነት ነው። በየቅጂው መካከል ቃኙ። በእግራችሁ ምት የምትጠብቁ ከሆነ ደግሞ ከእግራችሁ ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስ አድርጉ፤ ጊታሩን የማይሰማ የታችኛው ጎረቤት ተረከዛችሁን ይሰማል።

በመጨረሻ ከ80 ኸርዝ በታችና ከ10 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን ቁረጡ። የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ኸርዝ ላይ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው የቤዙና የከበሮው ርስት ነው።

ቤዙን መቅዳት

ቤዝ ቀጥታ መቀዳት ከድሮም ለምዶታል፤ ሞዴለር ሳይኖርም ስቱዲዮዎች እንዲህ ያደርጉ ነበር። የባትሪ ቤዝ ከሆነ አዲስ 9 ቮልት ባትሪ አድርጉ፤ ሲግናሉ ስለሚበረታም መጠኑን እንደገና ለኩ። የማትጫወቱባቸውን ክሮች በግራ እጃችሁ አፍኑ፤ በኋላ ጠንካራና ደካማ ድምፆችን በሚያቀራርበው ኮምፕሬሰር ሲጎላ የተረሳ ክር እንደ ሩቅ ደወል ይጮኻል።

ንጹሁን ትራክ ከቀዳችሁ በኋላ ገልብጡትና ሁለት አድርጉት። በአንዱ ላይ ከ200 ኸርዝ በላይ ያለውን ቆርጣችሁ ንጹሕ እንደሆነ ተዉት፤ በአራት ለአንድ ምጥጥን፣ በ30 ሚሊሰከንድ መነሻ የሚሠራ ኮምፕሬሰር አስገቡበት፤ ጠንካራውን ኖታ ከአራት እስከ ስድስት ዴሲቤል ያህል ይቀንስ። በሁለተኛው ላይ ከ200 በታች ያለውን ቁረጡና የቤዝ አምፕሊፋየሩን እዚያ ጫኑ፤ ትንሽ ዲስቶርሽን አይጎዳውም። የመጀመሪያው ደረት ላይ የሚያርፈው ክብደት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በስልክ ስፒከር እንኳ የሚሰማው ጣት ነው። ይህ የግድ ነው፦ የቤዝ ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ስለሆነ የስልክ ስፒከር ሊያወጣው አይችልም፤ አድማጩ ቤዙን የሚያውቀው ከላይኛው ድምፅ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ከፍታችሁ የአንዱን ፖላሪቲ (የድምፅ ሞገዱን አቅጣጫ) ገልብጡ፤ ድምፁ የሚወፍርበትን ምረጡ።

ቤዙ መሃል ይቀመጥ። ከበሮ ወይም ኪክ (የድራሙ ትልቁ ከበሮ) በሚመታበት ቅጽበት ሁለቱ ሲጋፉ ከሰማችሁ ለአንዱ 60 ኸርዝ፣ ለሌላው 100 ኸርዝ አካባቢ ቦታ ልቀቁለት። ለማን የቱ እንደሚገባው ዘፈኑ ይነግራችኋል፤ በወሎ ዜማ ላይ ከበሮው እንዲቀድም እፈቅዳለሁ።

በማግስቱ ከሜክሲኮ እስከ አራት ኪሎ ድረስ በሚኒባስ ውስጥ በተራ የጆሮ ማዳመጫ አዳምጡት። በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ የቤዙን ዜማ መከተል ከቻላችሁ መጠኑ ልክ ነው።

መላክ

ለአቀናባሪው ስትልኩ ሁሉም ትራክ ከዘፈኑ መነሻ፣ ከዜሮ ይጀምር፤ ጊታሩ የሚገባው ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ቢሆንም። እያንዳንዱን በሁለት ፋይል ላኩ፦ ንጹሁንና በወደዳችሁት አምፕሊፋየር ያለፈውን፤ ሁለቱም 24 ቢት ዌቭ ይሁኑ፣ ኤምፒ3 አይሁኑ። በፋይሉ ስም ላይ የመሣሪያውን ዓይነት፣ ቅኝቱን፣ የተነሳበትን ኖታና ፍጥነቱን ጻፉ፤ ለምሳሌ «ጊታር ግራ፣ ባቲ፣ ከዲ፣ 120፣ ንጹሕ»። በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል መልክ አያይዙት፤ እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል፤ ድምፁንም አይነካውም። የራሳችሁን ቅጂ ደግሞ በሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡና አቀናባሪው ዘፈኑን ጨርሶ እስኪያስረክብ ድረስ ምንም አታጥፉ።